ከዘገየ «አብሽሩ» የቀደመ «አልችልም» ይሻላል

የረመዳን ወር አጋማሹን ሲሻገር በየቤቱ የሚነሳው ጨዋታ መልኩን ይቀይራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ ሾርባውና ስለ ሳምቡሳው፣ በተራዊሕ ድምፁ ስላማረው ቃሪእ ሲወራ ይሰነበታል። ከአሥራ አምስተኛው ቀን ወዲህ ግን «ለኢድ ማን ይመጣል? የመጣውስ የት ያድራል?» የሚለው ጥያቄ ከኢፍጣር ማዕድ አይጠፋም።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አይነሳም። ዛሬ የብዙዎቻችን ቤተሰብ የተበተነ ነው። ወላጆች በትውልድ ከተማቸው አሉ። ልጆች አዲስ አበባና አዳማ ገብተዋል። ሌሎቹ ደግሞ ጅዳ፣ ሪያድ ወይም ከዚያም ርቀው ይኖራሉ። የልጆቹ ቁጥር በልጅ ልጅ ሲበዛ የወላጅ ቤት ግን ያው የጥንቱ ሁለትና ሦስት ክፍል ነው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት በውጭ ለሚኖሩ ወገኖች «ከኢድ እስከ ኢድ ወደ ሀገር ቤት» የሚል ጥሪ ባቀረበበት ወቅት ኢድ አል ፈጥር የዋለው ሚያዝያ 24 ቀን ነበር። በኢድ ወደ ቤተሰብ መሄድ ግን በጥሪ የተጀመረ አይደለም፤ በየዓመቱ ያለ ነው። በመሆኑም ለጥቂት ቀናት ቤት መከራየት የበዓሉ ዝግጅት አንድ ክፍል እየሆነ መጥቷል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቤቱን የምናየው በስልክ በተላከ ፎቶግራፍ ነው። አከራዩን የምናውቀው በድምፁ ነው። ቀብድ እንልካለን፤ ከዚያ በኋላ መልሱ እየሳሳ ይሄዳል። ስልክ ደጋግሞ ይጠራል፣ አይነሳም። ሲነሳም «አብሽሩ፣ ኢንሻአላህ ችግር የለም» ይባላል። ኢዱ ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ ቤቱ እንደሌለ ይሰማል። በዚያ ሰዓት ሌላ ማረፊያ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የምንለው አንድ ነገር ነው። ከማይታመን አከራይ ጋር የገባ ቤተሰብ ሥራው አከራዩን ማሳመን ወይም መጣላት አይደለም። ሥራው፣ «አልችልም» የሚለው መልስ መምጣቱ የማይቀር ከሆነ ሌላ ቤት ለመፈለግ ጊዜ እያለ እንዲመጣ ማድረግ ነው።

የእኛ ቤት በኦጎልቾ

ኦጎልቾ በአርሲ ዞን የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከአሰላ ደጋ ወርደው ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚያመሩ ሰዎች የሚያገኟት ሞቅ ያለች ከተማ ነች። ስሟን ከአርሲ ውጭ ያሉ ገበሬዎችም ያውቁታል፤ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 የለቀቀው የስንዴ ዝርያ «ኦጎልቾ» ተብሎ ይጠራልና። እኛ ግን የምናውቃት ልጆቻችን «አኮ» እያሉ የሚጠሯት እናታችን የምትኖርባት ከተማ በመሆኗ ነው።

ባለፈው ረመዳን አሥራ ሦስት ሆነን ለኢድ አኮ ዘንድ ለመሰብሰብ ተነጋገርን። ከጅዳ የምትመጣው እህታችን ከሥራዋ ያገኘችው ፈቃድ አጭር ነበር፤ ከአኮ ጋር ከተያዩም ዓመታት አልፈዋል። የአኮ ቤት ቢበዛ አምስት ሰው ያስተኛል። ከወንድሞቻችን የአንዱ ባለቤት ደግሞ መውለጃዋ ስለተቃረበ ሌሊት ከሐኪም ቤት መራቅ አልነበረባትም። በዚህ የተነሳ አሰላ ላይ፣ ከሪፈራል ሆስፒታሉ ብዙ ያልራቀ ባለ አራት ክፍል ቤት ለአምስት ሌሊት ተስማማን። ቀን ኦጎልቾ እየዋልን ማታ ለመመለስ ነበር ሐሳባችን። ረመዳን በገባ በአራተኛው ቀን 6 ሺህ ብር ቀብድ በባንክ ላክን።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስለ ወጥ ቤቱ ለመጠየቅ ደወልን። «አብሽሩ» ተባልን። በአሥራ አምስተኛው ቀን ስልኩ አልተነሳም። በማግስቱ ከኢፍጣር በኋላ ሲነሳ አራቱ ክፍል ሦስት ሆኖ ጠበቀን፤ አራተኛው ዕቃ እንዳለበትና ለኢድ እንደሚለቀቅ ተነገረን። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሦስት ጥያቄ ጽፈን በስልክ ላክንለት። ቤቱ የማን ነው? አራቱም ክፍል ዛሬ ባዶ ነው? በሃያ ሰባተኛው ቀን ቁልፉን የሚያስረክበን ማን ነው? እስከ አሥራ ዘጠነኛው ቀን ማታ መልስ ካላገኘን ውሉን እንዳፈረሰ ቆጥረን ቀብዳችንን እንደምንጠይቅም አከልንበት። ቃላችን ትሑት ነበር፤ ቀኑ ግን ግልጽ ነበር።

በዚያው ዕለት አሰላ የሚያስተምር የአክስታችን ልጅ ቤቱን ሄዶ እንዲያይልን ለመንነው። ቤቱ አለ። ውስጡ ግን ሌላ ቤተሰብ ይኖርበታል፤ የኪራይ ዘመናቸውም ከኢዱ ያልፋል፤ ስለ እኛ መምጣት የሰሙት ነገር የለም። ቀብዳችንን የተቀበለው ሰው ባለቤቱ ሳይሆን፣ ተከራዮቹ ለበዓል ወደ ሀገራቸው ይሄዱ ይሆናል ብሎ ተስፋ ያደረገ ደላላ ነበር።

የቀጠርነው ማታ ደረሰ፤ መልሱ አሁንም «አብሽሩ» ሆነ። በማግስቱ ከዐሱር ሶላት በኋላ አጎታችን ከሰውየው ሰፈር ሁለት ሽማግሌዎች ጠርቶ ተቀመጡ። በአርሲ ጃርሱማ የሚባለው ይኸው ነው። ድምፅ ከፍ ያደረገ አልነበረም። የላክነው መልእክትና የባንኩ ደረሰኝ ታየ፤ የአክስታችን ልጅ ያየውን ተናገረ። ሰውየው 6 ሺህ ብሩን በዚያው ቀን መለሰ። ሕጉ እጥፉን ለመጠየቅ ይፈቅድልን ነበር፤ አጎታችን ግን ገና ቀን እያለ መመለሱ ይበቃናል ብሎ ተወው።

ለኢዱ ገና ከሳምንት በላይ ይቀረን ነበር። አሰላ ውስጥ በአንድ እንግዳ ማረፊያ ሁለት ክፍል ተገኘና አራት ሰው እዚያ አደረ፤ እርጉዟም አብራ። ኦጎልቾ ላይ ደግሞ የአኮ ጎረቤቶች ነገሩን ሰምተው ከሁለት ቤት አንድ አንድ ክፍል ለቀቁልን፤ አራታችን እዚያ ገባን። የቀሩት አምስቱ ከአኮ ጋር ሆኑ። ይህ ሁሉ የተቻለው የአሥራ ዘጠነኛው ቀን መልስ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ስላልመጣ ነው።

ሕጉ ስለ ቀብድ ምን ይላል?

ብዙ ሰው ቀብድ የሚያስረው ከፋዩን ብቻ ይመስለዋል። «ከቀረህ ቀብድህ ቀረ» የሚለውን ሁሉም ያውቃል። የሌላኛውን ወገን ግዴታ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ደንግጓል። በመጀመሪያ፣ ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ስለዚህ «ገና አልተዋዋልንም» የሚል አከራይ ቀብድ ከተቀበለ በኋላ ይህን ማለት ይቸግረዋል። ሁለተኛ፣ ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከሚከፈለው ዋጋ ይቀነሳል። ሦስተኛው ዋናው ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 6 ሺህ ብር የተቀበለ 12 ሺህ ብር ይመልሳል ማለት ነው።

ይህ እንዲሠራ ግን የተላከው ገንዘብ ቀብድ መሆኑ መታወቅ አለበት። ቅድሚያ ክፍያ ነው ወይስ ቀብድ የሚል ክርክር እንዳይነሳ በባንክም ሆነ በቴሌብር ስንልክ ምክንያቱን በምንጽፍበት ቦታ «ለኢድ ቤት ኪራይ ቀብድ» ብለን እንጻፍ። ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የተቀባዩ ስም ይታያል። ስሙ ካነጋገረን ሰው ስም የተለየ ከሆነ ገንዘቡን ከመልቀቃችን በፊት «ይህ ማነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ደረሰኙንም ስልኩ ላይ ብቻ አንተወው፤ ለሌላ የቤተሰብ አባል እንላከው።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ነው። በዚሁ ሕግ ከአንቀጽ 1772 ጀምሮ እንደተደነገገው፣ አንድ ወገን ሌላው ውሉን አልፈጸመም ብሎ ከመክሰሱ በፊት እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ አለበት፤ ሲያስጠነቅቅም የጊዜ ገደብ መስጠት ይችላል። ለቤተሰብ ይህ ትልቅ መሣሪያ ነው። ደጋግሞ መደወል ሐሳብን እንጂ ማስረጃን አያስቀምጥም። ቀን የተቆረጠለት አንድ የጽሑፍ መልእክት ግን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ለአከራዩ ነገሩ የምር መሆኑን ይነግረዋል፣ ለእኛ ደግሞ መጠበቅ የምናቆምበትን ሰዓት ይወስንልናል።

ቤቱን ያከራየው ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አለ። ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ አቤቱታውንም ለንግድ ቢሮ ማቅረብ ይችላል። ከመጀመሪያውም የሌለ ቤት አለ ብሎ ገንዘብ የወሰደ ሰው ጉዳይ ደግሞ ወደ ፖሊስ የሚሄድ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ማታለል ነው። ይሁንና ቃሉን ያላከበረ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም። ብዙዎቹ «አይሆንም» ማለት ያፈሩ፣ ነገሩ በራሱ ይስተካከላል ብለው ተስፋ ያደረጉ ሰዎች ናቸው። ለእነዚህ ከክስ በፊት ሽማግሌ ይቀድማል። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ለኢድ ማረፊያ አይሆንምና።

በሸሪዓ በኩልስ?

ቀብድን በተመለከተ የፊቅህ ሊቃውንት ጥንትም ተነጋግረዋል፤ በዐረብኛው «ዑርቡን» ይሉታል። ገዢው ቢተው ሻጩ ቀብዱን ያስቀረዋል የሚለውን ስምምነት የሐነፊ፣ የማሊኪና የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት አብዛኞቹ አልተቀበሉትም። የሐንበሊ መዝሀብ ፈቅዶታል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ የመጠበቂያው ጊዜ የተወሰነ እስከሆነ ድረስ እንደሚፈቀድ ወስኗል፤ ኪራይንም እንደ ሽያጩ ቆጥሮታል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ፍትሐ ብሔር ሕጉ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የሚል በር ትቷል። ቀብድ ማስቀረቱም ሆነ እጥፍ መቀበሉ ልቡን የከበደው ቤተሰብ «ማንኛውም ወገን እስከዚህ ቀን ድረስ ቢተው ቀብዱ እንዳለ ይመለሳል» ብሎ ሊስማማና ሊጽፍ ይችላል። የየሰፈሩን ኡስታዝ ጠይቆ ልብን ማሳረፍ ይገባል፤ የተስማሙበትን መጻፍ ግን በሁሉም ዘንድ የተወደደ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ የሚናገረው ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር ነው። «እንጻፈው» ማለት አለማመን የሚመስለው ሰው ካለ ይህን እናስታውሰው።

«ኢንሻአላህ»ም ቢሆን ከቁርጥ ሐሳብ ጋር የሚነገር ቃል ነው። እሺም እምቢም ላለማለት መሸሸጊያ ሲሆን ቃሉ ያለ ቦታው ገብቷል።

ወረቀቱ ላይ ምን ይስፈር?

የበዓል ኪራይ ውል አንድ ገጽ ይበቃዋል። በስልክ መልእክት ሆኖ ሁለቱም ወገኖች «ተስማምቻለሁ» ቢሉበትም ከምንም ይሻላል። ከክፍል ብዛትና ከዋጋ በተጨማሪ የእኛን በዓል የሚመለከቱ ጥቂት ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ «ኢድ» ብቻ ተብሎ አይጻፍ። የጨረቃ ወር 29 ወይም 30 ቀን ነው፤ ኢዱ በአንድ ቀን ሊገፋ ይችላል። አከራዩ «እኔ የተስማማሁት እስከዚህ ቀን ነው» እንዳይል፣ ኢዱ በማግስቱ ቢሆን ተጨማሪዋ ሌሊት በስንት ዋጋ እንደምትታሰብ ቀድሞ ይነገር።

ሁለተኛ፣ ቀኑ በሁለት አቆጣጠር ይጻፍ። ከውጭ የሚመጣው ወንድም ቀኑን በፈረንጆቹ ይዞ፣ አከራዩ በእኛ ይዞ ሲጠባበቁ የተላለፉ ጥቂቶች አይደሉም። ሰዓቱም እንዲሁ። በውጭው አቆጣጠር ከቀኑ 2፡00 የእኛ 8 ሰዓት ነው። «ከቀኑ 8 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ መጻፍ ብዙ ንዴት ያድናል።

ሦስተኛ፣ በር የሚዘጋበት ሰዓት ይጠየቅ። በብዙ ግቢ ዘበኛው በጊዜ ይቆልፋል፤ ከተራዊሕ የሚመለስ ቤተሰብ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚገባው። ለሱሑር ሌሊት ምድጃ መጠቀም ይቻላል? መብራት ቢጠፋ ምን አለ? ውኃ በሮቶ ተጠራቅሟል? መስጂዱ በእግር ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? ቤቱን በእርግጥ የሚያውቅ አከራይ ለእነዚህ ሳያስብ ይመልሳል። ለሁሉም «አብሽሩ» ከተባለ መልስ አልተሰጠም ማለት ነው።

አራተኛ፣ ማን እንደሚያስረክብ ይታወቅ። ደላላ መሆን ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነና ደላላው በእርሱ ስም ለመዋዋል መፈቀዱን ማወቅ ይገባል። በከተማው ዘመድ ወይም የዘመድ ወዳጅ ካለ ከቀብዱ በፊት ቤቱን ይይልን። ማንም ከሌለ አከራዩ በቪዲዮ ጥሪ ከውጭ በር ጀምሮ እያንዳንዱን ክፍል እንዲያሳየን እንጠይቅ። ፎቶግራፍ ያለፈ ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ቪዲዮ ጥሪ ግን የዛሬ ነው።

አምስተኛ፣ የቁርጥ ቀን ይኑር። ከጉዞው አሥር ቀን በፊት አከራዩ ቤቱ ዝግጁ መሆኑን በጽሑፍ የሚያረጋግጥበት ቀን ይወሰን። በረመዳን ሲሆን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ከመግባታቸው በፊት ቢሆን መልካም ነው። ያኔ ስልክ ስናሳድድ ከምናመሽ ለኢባዳችን ጊዜ ይተርፈናል።

በውጭ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ቤት የሚይዙት ብዙውን ጊዜ እንደ ኤርቢኤንቢ ባሉ መተግበሪያዎች ነው። የእነዚህ ጥቅም ገንዘቡ አከራዩ እጅ የሚገባው እንግዳው ይገባበታል ከተባለው ሰዓት አንድ ቀን ያህል ቆይቶ መሆኑ ነው፤ አከራዩ ከሰረዘም ሙሉው ገንዘብ ይመለሳል። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን ክፍያውም ንግግሩም በመተግበሪያው ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። «በቀጥታ ብትልክልኝ እቀንስልሃለሁ» የሚል አከራይ ሲገጥም ቅናሹ የጥበቃው ዋጋ መሆኑን ለዘመዶቻችን እንንገራቸው።

ለአከራዮችም አንድ ቃል

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ቤተሰቦች መካከል በኢድ ሰሞን ትርፍ ክፍላቸውን የሚያከራዩ እንደሚኖሩ እናምናለን። ሥራው የተባረከ ነው፤ መንገደኛን ማሳረፍ ነውና። ተከራይ ሳይለቅ ሊቀር ይችላል፣ ዘመድ ሳይታሰብ ይመጣል፣ ውኃ ይቋረጣል። እንዲህ ሲሆን የሚፈለገው ቀድሞ መናገር ብቻ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን «አልቻልኩም፣ ቀብዳችሁን ውሰዱ» ያለ ሰው ማንንም አልበደለም፤ እንግዳው ሌላ ቤት ይፈልጋል፣ ወዳጅነቱም ይቀጥላል። ያንኑ ነገር እስከ ሃያ ዘጠነኛው ቀን ይዞ «አብሽሩ» ሲል የቆየ ሰው ግን የወሰደው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። እናትና ልጅ የሚገናኙባቸውን ጥቂት ቀናት ወስዷል፤ እነዚያን ደግሞ በእጥፍም ቢሆን መመለስ አይቻልም።

ተከራዮችም ግዴታ አለብን። ሐሳባችንን የለወጥን እንደሆነ «ቀብዱን ይቅርለት» ብለን ዝም ማለት አይገባም። እኛ ሳንነግረው የያዘልን ክፍል ለሌላ መንገደኛ በሆነ ነበር። ቁልፉን ስንመልስ ቤቱን እንደተቀበልነው እናስረክብ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያ ቤት ለሌላ ቤተሰብ በቀላሉ የሚከፈተው የዘንድሮው እንግዳ በደንብ ከያዘው ነው።

እንግዲህ ለኢድ ጉዞ ያሰባችሁ ቤተሰቦች፣ የተነጋገራችሁት አከራይ ካለ ዛሬ ከኢፍጣር በኋላ አንድ አጭር መልእክት ጻፉለት፤ ቀን ቁረጡለት፤ ቤቱን የሚያይላችሁ ሰው ላኩ። ቤቱ ካለ ልባችሁ ያርፋል። ከሌለም ገና ጊዜ አላችሁ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ መንገደኛውን ሁሉ በሰላም ለቤተሰቡ ያብቃው።